ሦስት ብርድ ያላበበችው ካሜሊያ

ዶማው ከሥሩ ጋር ሲጋጭ ጡረተኛው ሹፌር «ይቅር በይኝ» አሉ። ለካሜሊያዋ ቁጥቋጦ ይሁን ከሦስት ዓመት በፊት ለሞተችው ሚስታቸው፣ እሳቸውም አላወቁትም። ላባቸውን በክንዳቸው ጠረጉና ዶማውን እንደገና አነሱ።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

የሚስታቸው ታናሽ እህት ናት። ልብስ ሰፊ ነች፤ ያሳጠረችላቸውን ሱሪ በፌስታል አንጠልጥላ የግቢው በር ላይ ድርቅ ብላ ቆማለች።

«እነቅላታለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሦስት ዓመት ጠበቅኳት። አንዲት አበባ አላሳየችኝም። እህትሽ ስትሄድ ይዛው ሄዳለች።»

«አበባ ደግሞ ተይዞ ይኬዳል እንዴ?»

«እኔ እንጃ! ውሃዋን አላጓደልኩ፤ እንደ ጨቅላ ልጅ ነው የያዝኳት። ቅርንጫፏን እንኳ በየዓመቱ እንደ ሙሽራ ፀጉር አስተካክላታለሁ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ያገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድተዋል። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይመለሳሉ። በብርዱ ወራት፣ የግቢው ተክል ሁሉ ኩርምት ሲል፣ ይህች ቁጥቋጦ ብቻ በቀይ አበባ ትጥለቀለቅ ነበር። ሚስታቸው አንዷን ትቆርጥና ዘንጓን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸውም ከመሪው አጠገብ ይሰኳታል። ተሳፋሪው «ሹፌር፣ ዛሬ ሠርግ አለ እንዴ?» ሲላቸው «እኔ ቤት ሁሌም ሠርግ ነው!» ይላሉ፤ አውቶቡሱ በሳቅ ያውካካል። ይህን መልሳቸውን ለሚስታቸው አንድ ቀን እንኳ ነግረዋት አያውቁም።

ልብስ ሰፊዋ ፌስታሉን አስቀምጣ ወደ ቁጥቋጦዋ ተጠጋች። የተከረከመውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች።

«መቼ ነው የሚቆርጧት?»

«ብርዱ ሊገባ ሲል ነዋ። አምሮባት እንድትቆይ።»

 በቁጥቋጦዋና በግድግዳው መካከል እየተሽሎከለከች ገባችና መቀስ ያልደረሰባትን አንዲት ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጋ ያዘችላቸው።

«ይምጡ፤ ይቺን ይዩ።»

ከቅጠሎቹ ሥር ሽንብራ የሚያካክሉ አረንጓዴ ድብልብል ነገሮች ተቀምጠዋል።

«አውቀዋለሁ፤ በሽታ ነው» አሉ ሹፌሩ። «በየዓመቱ ያወጣባታል። እኔም እግር በእግር እየተከታተልኩ ነው የምቆርጠው።»

«ጋሼ… እምቡጥ ነው።»

«ምን?»

«ሹል ሹሉ የቅጠል ነው፤ ድብልብሉ የአበባ። እህቴ የምትቆርጣት አበባው እንደረገፈ ወዲያው ነበር። ከዚያ ወዲያ መቀስ የሚባል ነገር አታስጠጋባትም።»

ሹፌሩ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። 

«በገዛ እጄ? ሦስት ዓመት ሙሉ?» ቀጥለውም ቱግ አሉ። «ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«መቼ ትንገርዎት? አበባው ሲረግፍ እርስዎ መንገድ ላይ ነዎት። ሲመለሱ ደግሞ እንቅልፍ።»

ቃሉ ካፏ እንደወጣ ደነገጠች። ሹፌሩ ግን አልተቆጡም። ከቆፈሩት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቁጭ አሉ። እውነቷን ነው። የመንገዱን እያንዳንዱን ጠመዝማዛ፣ የትኛው ድልድይ ጠባብ እንደሆነ፣ የትኛው ዳገት በስንተኛ ማርሽ እንደሚወጣ ጨለማ ውስጥ ሳይቀር ያውቁታል። የገዛ ግቢያቸውን ግን እንደ እንግዳ ነው የሚያውቁት።

«አልከፋትም ነበር እኮ» አለች ልብስ ሰፊዋ ለስለስ ብላ። «እንዲያውም ስትቆርጥ ትዘፍን ነበር።»

«እሷ? ትዘፍን ነበር?»

«ድምጿማ አያድርስ ነው! ጎረቤት መስኮቱን ይዘጋ ነበር።»

ሹፌሩ ከት ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ሲያልቅ ዓይናቸውን በመዳፋቸው አበሱ። ከዚያ ተነሥተው አፈሩን ወደ ጉድጓዱ መመለስ ጀመሩ። እሷም እጅጌዋን ሰብስባ ደረቅ ቅጠል እያፈሰች ሥሩን አለበሰችው።

«ትተርፋለች?»

«የተነካው አንድ ጎኗ ነው፤ አትሞትም። የዘንድሮ አበባዋ ግን በግድግዳው በኩል ያሉት አራቱ ብቻ ናቸው። እነሱም ካልረገፉ።»

«አራት ይበቃኛል።»

እጇን ታጠበችና «በሉ ጋሼ፣ ሱሪውን ይለኩትና ካልሆነ ይደውሉልኝ» ብላ ወደ በሩ አመራች። ከቀብሩ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች፤ እሳቸውም አመስግነው እዚያው በር ላይ ይሸኟታል። አረማመዷ ቁርጥ ሚስታቸውን ስለሆነ ከዚያ በላይ ማየት አይችሉም ነበር።

«ቆዪ አንቺ» አሉ።

ቤት ገብተው ሁለት ወንበር ይዘው ወጡ። ጎን ለጎን አስቀመጧቸውና የአንደኛውን አቧራ በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«ተቀመጪ። እኔ መንገድ ላይ እያለሁ እዚህ ቤት ምን ምን ይሆን እንደነበር፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።»