የአባቴ እጅ በሠላሳ ሰከንድ

አባቴን ሰፈሩ «ማሽኑ» ይለዋል። ኮት ሰፊ ነው። የቁልፍ ቀዳዳ በእጁ እንጂ በመኪና ሰፍቶ አያውቅም፤ እጁ ደግሞ ከመኪና አያንስም። ግን ማሽንም ቢሆን ደንበኛ ከሌለው ቆሞ ይውላል። የተዘጋጀ ኮት የሚሸጡ ሱቆች መንገዱን ከሞሉት ወዲህ እኔና እሱ በመስታወቱ አላፊ አግዳሚውን ስናይ እንውል ነበር።

ሲመረኝ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የተዘጋጀ የሦስት ቀን ሥልጠና ገባሁ። አሠልጣኙ ወሬ የሚያበዛ ሰው ቢሆንም አንድ ነገር አስያዘኝ። «በወር አንዴ ከምትጮኹ በየቀኑ ድምፃችሁ ይሰማ። ሰዓቱ አይዛነፍ፣ ርዝመቱ አይለወጥ። ሰው የሚከተለው የለመደውን ነው» አለን።

በማግሥቱ ፔጅ ከፈትኩ፤ ስልኬንም ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ በካርቶን ደግፌ አቆምኩት። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አባቴ መርፌው ውስጥ ክር ያስገባል፣ የቁልፍ ቀዳዳውን ጠርዝ አሥር ጊዜ ይወጋል፣ አለቀ። ሠላሳ ሰከንድ። ፊቱ አይታይም፤ እጁ ብቻ።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ ወይስ የፊልም ተዋናይ?» ብሎ አኮረፈ። በሁለተኛው ወር ግን ጥፍሩን ተቆርጦ፣ እጁን ሁለቴ ታጥቦ፣ ከእኔ ቀድሞ ወንበሩ ላይ መገኘት ጀመረ። አንድ ቀን አንድ ሙሽራ ስልኩን እንደያዘ ገባና «የእኚህን እጅ ነው የምፈልገው» አለ። ከእሱ በኋላ ብዙዎች መጡ። ሱቃችን ነፍስ ዘራ።

በስምንተኛው ወር አንድ ጠዋት ቪዲዮው ሠላሳ አምስት ሰከንድ ሆነብኝ። ርዝመቱ አይለወጥ ተብያለሁ፤ ስለዚህ ፍጥነቱን በትንሹ ከፍ አደረግኩት። ስልኩ ላይ አንዲት ነጥብ በጣት ገፋ ማድረግ ነው፤ ማንም አያውቅም። በሚቀጥለው ወር አርባ ሆነ። ከዚያ ሃምሳ። ድካም ነው፣ ዕድሜ ነው እያልኩ ነጥቧን ገፋሁ።

እናቴ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቷት ከራሱ ሸሚዝ ቁልፍ ጋር ሲታገል ደረሰችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ተነሥ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

አባቴ ሳቀ። ስልኬን ከእጄ ነጥቆ የጠዋቱን ቪዲዮ አፍንጫዋ ሥር ደቀነላት። «እዪ እንጂ! ይሄ የበሽተኛ እጅ ነው? እኔም አንዳንዴ የዘገየሁ ይመስለኛል። ሳየው ግን ይኸው፣ እንዲያውም ከአምናው ይፈጥናል!»

እናቴ አይታ አይታ ወደ እኔ ዞረች። አሥራ አንድ ኮት ታዟል። ሠላሳ ሰከንዱ ከጠፋ ደንበኛው ይሸሻል ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከደንበኛው ይልቅ የፈራሁት አባቴን ነው። እጁን ስልኩ ላይ ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ አውቃለሁ። ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ግን ነቀዘ።

አምስት ወር ቆይቶ መቀሱ ከእጁ ወደቀ፤ ሊያነሣው ሲል እግሩም ከዳው። ሐኪሙ አንገቱን ራጅ አስነሥቶ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቀለው። ያን ሁሉ ዓመት የተጎነበሰ አንገት ውስጥ አጥንቱ ነርቩን ተጭኖታል።

«መቼ ጀመረዎት፣ አባት? ሕክምናውን የሚወስነው እሱ ነው።»

«በቅርቡ ነው፤ ማስረጃም አለኝ» አለ አባቴ ኮራ ብሎ። «ልጄ በየቀኑ ትቀርጸኛለች። አሳዪው እስቲ።»

ሐኪሙ ያለፈውን ወር ቪዲዮዎች ተራ በተራ አየ። ፊቱ ፈታ አለ። «ይሄ እጅ ደህና ነው። እንግዲያው ገና ትኩስ ነው፤ ተስፋ አለው።»

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ዶክተር፣ ፍጥነቱ የእኔ ነው» አልኩ። የምገፋትን ነጥብ ስልኩ ላይ አሳየሁት። ያልተነኩትን ቪዲዮዎች ከነቀናቸው ከፈትኩለት። አባቴን ማየት አልደፈርኩም።

ሐኪሙ በአውራ ጣቱ ወደኋላ ሄደ፣ ሄደ፣ ስምንተኛው ወር ላይ ቆመ። «እዚህ ጋ ነው የጀመረው» አለ። በዚያ ቀን ከቪዲዮው ሥር የጻፍኩትን አልረሳሁትም፤ «ማሽኑ ዛሬም አልደከመም!»

«ያኔ ቢመጡ ኖሮ እጅዎ ሊመለስ ይችል ነበር። አሁን ኦፕራሲዮኑ ከዚህ እንዳይብስ ነው።»

የቤታችን በር ላይ ስንደርስ አባቴ ቆመ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አንቺ ያፈሰስሽውን ማን ይልቀመው?» አለኝ።

በማግሥቱ ካርቶኑን ከጠረጴዛው ላይ ላነሣ ሱቅ ስገባ አባቴ እጁን ታጥቦ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሦስት ሰዓት ሆኗል።»

«አባዬ…»

«ቅረጺ። ያቺን ነጥብ ግን እንዳትነኪያት።»

ክሩን መርፌው ውስጥ ለማስገባት አራት ደቂቃ ፈጀበት። ስድስተኛውን ሲወጋ መርፌው ወደቀ። ላነሣለት እጄን ስዘረጋ ቀና ብሎ አየኝ፤ እጄን ሰበሰብኩ። ራሱ ፈልጎ አገኘው። አሥሩን ሲጨርስ አሥራ አንድ ደቂቃ አልፏል። እንዳለ ለጠፍኩት።

ብዙም ሳይቆይ ያ ሙሽራ ኮመንት ጻፈ። «ቪዲዮው የተበላሸ ይመስለኛል፣ ይንቀራፈፋል። አስተካክሉት።»

አባቴ አነበበውና ስልኩን በክንዱ ወደ እኔ ገፋው።

«መልሽለት» አለኝ።

«ቪዲዮው ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ።