ያልደረቀው ቅርጽ

ዘራፊዎቹ ነሐስ አቅላጩን የገደሉት በገዛ ደጃፉ ላይ ነው። የምድጃውን ቤት በር ዘግቶ «አላስገባም» ቢላቸው፣ አለቃቸው ጎራዳው በመጥረቢያ ጭንቅላቱን ፈለጠው። ሚስቱና እናቱ ከውስጥ ሆነው የአጥንቱን ድምፅ ሰሙ።

በሩን ሰብረው ገቡ። ጎራዳው ከየቤቱ የዘረፈውን የነሐስ ድስትና አምባር መሬት ላይ ዘረገፈው። ሁለት ሰዎቹ በሩን ይዘው ቆሙ።

«የጦር ጫፍ አድርጉልኝ፤ አሁኑኑ!»

«የሚያቀልጠውን ገድለህ?» አለች እናትየው።

በጥፊ አጮላት። ጥርሷን ከነደሙ ተፋችው።

ምራቲቱ መሃል ገባች። «ተዋት! እኔ አቀልጣለሁ። እሷ ወናፍ ትንፋልኝ።»

ሁለቱ ሴቶች አንድ ጣራ ሥር ኖረው ተዋደው አያውቁም። አማቲቱ ምራቷን «እጀ ሰባራ» ነበር የምትላት። አሁን ግን ወናፉን ያዘችላት። ከሰሉ ፋመ፤ ድስቱና አምባሩ ማቅለጫው ውስጥ ሟሙ።

ምራቲቱ ጭቃ አቡክታ የጦር ጫፍ ቅርጽ አወጣችበት። ቅርጹ እሳት ዳር ሰንብቶ ድርቅ ማለት ነበረበት። እሷ ላዩን ብቻ ለብለብ አድርጋ አቀረበችው። የቀለጠ ነሐስ እርጥብ ጭቃ ላይ ከፈሰሰ፣ ውስጡ የቀረው ውሃ በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ሁሉንም ያፈነዳዋል። ይህን የምድጃ ቤት ሰው ሁሉ ያውቃል። ጎራዳው አያውቅም።

አማቲቱ ቅርጹን በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርገው እርጥበቱ ተሰማት። ቀና ብላ ምራቷን አየቻት።

«ደርቋል፣ ልጄ» አለች ጮክ ብላ። ልጄ ስትላት የመጀመሪያዋ ነው። ወደ ጎራዳው ዞራም፣ «ጠጋ ብለህ ካላየሃት ታጭበረብርሃለች» አለችው።

ጎራዳው አጎነበሰ። ምራቲቱ ፊቷን አዙራ አፈሰሰችው።

ቅርጹ እንደ መብረቅ ጮኸ። ነሐሱ የጎራዳው ዓይንና አፍ ውስጥ ገባ፤ ጩኸቱ ጉሮሮው ውስጥ ቀረ። አንደኛው ሰውዬ ጦሩን ይዞ ሲንደረደር ምራቲቱ ማቅለጫውን ያነሳችበትን የጋለ መቆንጠጫ አንገቱ ላይ ሰካችበት። ሌላው እግሬ አውጪኝ ብሎ ፈረጠጠ።

ጭሱ ሲገፈፍ አማቲቱ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ጎራዳው እንዳያፈገፍግ ልብሱን ጨብጣ ስለነበር ነሐሱ ለእሷም ተርፏታል። ሁለቱም ዓይኖቿ ጠፍተዋል።

«ሞተ?»

«ሞተ፣ እማማ።»

«በይ አንሺኝ። ልጄ ፀሐይ ላይ ወድቋል።»

ምራቲቱ ደግፋ አወጣቻት። አማቲቱ በዳሰሳ የልጇን ራስ አገኘች፤ የተፈለጠውን በሁለት መዳፏ ገጥማ ያዘችው። ምራቲቱ መቀነቷን ፈትታ ጠመጠመችለት።