ባለ ዘጠኝ ክፍል ቤትና አንዲት ጥያቄ

ሽማግሌው ሲሚዮን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ከአፉ እንዳትጠፋ እየደጋገማት፣ የፕሪም ዛፎቹን መሐል ለመሐል አቋርጦ ወደ ፖስታ አመላላሿ ወደ ቪዮሪካ ቤት ይገሰግሳል። ቪዮሪካ እንግሊዝ አገር ሆቴል ውስጥ ስድስት ዓመት አልጋ ስታነጥፍ ኖራ የተመለሰች ሴት ናት። በመንደሩ ቋንቋውን የሚያውቁት ሌሎቹ ሁሉ እዚያው እንግሊዝ ናቸው።

«ጋሼ ሲሚዮን፣ ዋይ ዋይ እያሉ ሲመጡ ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ እኮ» አለች፣ ብስክሌቷን አጥሩ ላይ አስደግፋ።

«ማንም አልሞተም። የልጅ ልጄ ናት። ከትናንት ጀምሮ ከዚህች ቃል ሌላ የሚወጣት የለም። ምን ማለት ነው?»

«ደ ቼ» አለችው በሮማንያኛ። ለምን ማለት ነው።

ሲሚዮንን ቅር አለው። ያን ያህል የሮጠው ለዚህች ብቻ ነው? «እና ምኑን ነው ለምን የምትለው?»

«እሱንማ እሷን ይጠይቋት።»

«በየትኛው አፌ?»

ቪዮሪካ ስቃ ብስክሌቷን እየገፋች ተከተለችው።

የሲሚዮን ልጅ ካሊን እንግሊዝ ከገባ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። እዚያው አግብቶ ሜይሲን ወለደ። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ወደ አያቷ አገር ስትመጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አባቷ ጥርሱን ሊያስተክል ሳቱ ማሬ ከተማ ሄዷል፤ እንደ እሱ አባባል እንግሊዝ አንድ ጥርስ በሚነቀልበት ዋጋ እዚህ መንጋጋ ሙሉ ይተከላል። ሲሄድም «ከወደደችው በየበጋው ትመጣለች፤ ካልወደደችው ግን ከርሞ ወደ ባሕር ነው የምንወስዳት» ብሎ ነበር። ሲሚዮን ይህችን ቃል እንደ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይዟታል። ልጅቷ አገሩን እንድትወደው ፈልጓል፤ ግን ቋንቋውን የማታውቀውን አገር በምን ትወደዋለች?

ሜይሲን ካሊን ያሠራው ትልቅ ቤት እብነ በረድ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኟት። የምታውቀውን ቋንቋ የሚናገር ሰው ስታይ ሆዷ ውስጥ የከረመውን ሁሉ ዘረገፈችው።

«ምን አለች?» አለ ሲሚዮን።

«ይህ ቤት ዘጠኝ ክፍል አለው፤ እኔና አያቴ ግን ጓሮ ያለችው ማእድ ቤት ውስጥ ምድጃ ሥር ነው የምንተኛው፤ ለምን? ነው የምትለው።»

«ይህቺማ ቀላል ናት። ወለሉ እንዳይቆሽሽ በያት።»

ቪዮሪካ አስተላለፈችለት። ልጅቷ አሰብ አደረገችና ያችኑ ቃል ደገመች። ቪዮሪካም ተንኮለኛ ነገር ናትና፣ ከመሄዷ በፊት ቃሉን በአያቷ ቋንቋ አስጠናቻት።

ቃሉን መተርጎም የአፍታ ሥራ ነበር፤ መልሱ ነው ሦስት ቀን የፈጀው። ሜይሲ የላሟን ደወል ታሳይና «ደ ቼ?» ትላለች፤ ሲሚዮን እንደ ጠፋች ላም በየቁጥቋጦው እየገባ ያስረዳታል። የበቆሎው ማሳ መሐል የቆመውን፣ የእሱን የወታደር ካፖርት የለበሰውን ማስፈራሪያ ታሳይና «ደ ቼ?» ትላለች፤ እሱም እንደ ድብ በአራት እግሩ ሄዶ በቆሎ ይሰርቅላታል። ልጅቷ በሳቅ ፍርስ ትላለች። ወገቡ ቢቆረጥም እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ግን አመሻሽ ላይ ከትልቁ ቤት ፊት ቆማ ስትጠይቀው፣ ላሟን ማለብ ትዝ ይለዋል። የዚህችን መልስ ለራሱም ጮክ ብሎ ነግሮት አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ቪዮሪካ የጡረታ ገንዘቡን ይዛ መጣች። ሲሚዮን የበቆሎ ገንፎውን እያማሰለ ነበር።

«አሁንም ትጠይቃለች?» አለች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የምትል ልጅ ናት። አትለቀኝም።» ማማሰያውን አስቀመጠ። «በይ ንገሪልኝ። ካሊን ቤቱን የሠራው ሁላችንም ተመልሰን እንኖርበታለን ብሎ ነው። እኔ ከገባሁበት፣ የሶፋውን ላስቲክ ከገፈፍኩ፣ ቤቱ ያረጃል። ሳልነካው ከቆየሁ ግን፣ ያው… ገና ሊመጡ ነው።»

የቪዮሪካም ሁለት ልጆች ውጭ አገር ናቸው። ቀስ ብላ ለልጅቷ ነገረቻት። ሜይሲ አያቷን አየች፣ ቤቱን አየች፣ ከዚያ አጭር ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

«‹እኔ እኮ መጣሁ› ነው ያለችው።»

ሲሚዮን የገንፎውን ድስት በጨርቅ ይዞ ብድግ አለ። በየቅዳሜው ትልቁን ቤት ሊያናፍስ ሲገባ ጫማውን ደረጃው ሥር አውልቆ በካልሲ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ግን የላም በረት ጭቃ የያዘ ቦት ጫማውን እንዳደረገ እብነ በረዱን ወጣው። ሜይሲ የጎምዛዛውን ክሬም ሳህን ይዛ ተከተለችው፤ ቪዮሪካ ደግሞ ማንም ሳይጠራት ማንኪያ ይዛ ገባች።

የሶፋው ላስቲክ ሲገፈፍ እየተንጣጣ ጮኸ። ሜይሲ እንደ ሙሽራ መከናነቢያ ራሷ ላይ ጣለችው። ለአሥራ ሁለት ሰው በተሠራው ጠረጴዛ ሦስት ሆነው ተቀምጠው ገና መጉረስ ሲጀምሩ ካሊን ስልክ ደወለ፤ ግማሽ ፊቱ በማደንዘዣ ተጣሞ በምስል ብቅ አለ።

«አባዬ፣ ከኋላህ ያለው የሳሎኑ መብራት ነው እንዴ?»

«እሱ ነው።»

«ጫማህን አውልቀሃል አይደል?»

ሜይሲ ስልኩን ከአያቷ እጅ ቀማችው።

«ደ ቼ?» አለች አባቷን።

ካሊን ልጁ በአባቱ ቋንቋ ስትናገር ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። በዚያ በተጣመመ አፉ ሳቀ፣ ዐይኑንም ጠረገ። «ጥርሴ ነው» አለ፤ ማንም ግን አልጠየቀውም።

አመሻሽ ላይ ሲሚዮን ላሟን ሊያልብ ሲወጣ፣ እጁ እንደ ልማዱ በሩን ሊቆልፍ ሄደ። ውስጥ ሜይሲ ዘጠኙን ክፍሎች እየሮጠች ትቆጥራለች። ቁልፉን በሩ ላይ እንዳለ ትቶት፣ ላሟንም ለጊዜው ትቷት፣ ትራሱን ሊያመጣ ወደ ማእድ ቤቱ ሄደ።