የሙኽታር ኩላሊት

«እማ፣ ጫን አታድርጊብኝ» አለች ሪሀና ዝቅ ባለ ድምፅ።

እናቷ ፈሂማ አልሰማቻትም። ለቀስተኛ በሞላው ሳሎን፣ ፍራሹ ላይ ከልጇ ጎን ተጠግታ፣ መዳፏን ከሪሀና ቀኝ ብሽሽት ከፍ ብሎ ባለው ጠባሳ ላይ ከቀሚሱ በላይ አሳርፋለች። ከጠባሳው ስር ያለው ኩላሊት የወንድ ልጇ የሙኽታር ነው። ሙኽታር ራሱ ትናንት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተቀብሯል።

«ይሞቃል» አለች ፈሂማ። «ይሄን ጊዜ ነው ምሳ የሚበላው።»

ከወሎ የመጣች አንዲት ዘመድ ገብታ «አላህ ይርሐመው» ስትላት ፈሂማ ቀና ብላ «ማንን?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ተቀመጠች። ቆይታ ግን ወደ ሪሀና ጠጋ አለችና ፊቷን ሳይሆን ሆዷን እያየች «አሰላሙ አለይኩም» አለች። ማንም አልሳቀም። ከዚያ በኋላ የገባው ለቀስተኛ ሁሉ ዓይኑን መጀመሪያ የሚያሳርፈው ሪሀና ሆድ ላይ ሆነ።

ሪሀና ልትቆጣ ፈልጋ አልቻለችም። እሑድ ንጋት ላይ፣ የሙኽታር የጭነት መኪና ቁልቁለት ላይ መገልበጡን የሚናገረው ስልክ ከመጮኹ በፊት፣ ጠባሳው ስር አንዳች ትኩስ ነገር ሲላወስ ነበር ከእንቅልፏ የነቃችው። ይህንን ለማንም አልተናገረችም።

ሙኽታር ለሚ ኩራ ውስጥ ለሚሠሩት ሕንፃዎች ብረት የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የእህቱ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ሲያቆሙ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲመክር እሱ አንድ ቃል አልተናገረም። ለብቻው ሄዶ ተመርምሮ፣ ወረቀቱን ይዞ መጣና «ይገጥማል» አለ፤ ስለ መኪና ዕቃ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይደውልላት ነበር። «እንግዳዬ እንዴት አደረ?» ነበር ሰላምታው።

ዓምና ደም ይፈሳት ጀመር። ቦሌ ለሚ ካለው የልብስ ፋብሪካ ሥራዋ ላይ በወር አሥራ አምስት ቀን፣ ደሙ እንዳይታይባት ጥቁር ቀሚስ ትለብሳለች። ማህፀኗ ላይ ሁለት ማዮማ፣ ማለት ሁለት ዕጢ ተገኘ። የመጀመሪያው ሐኪም ሆድ ተከፍቶ ማህፀኑ ይውጣ አለ። ሙኽታር «ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ገና ትወልዳለች» ብሎ የምርመራ ፊልሙን በብብቱ ይዞ ከክሊኒክ ክሊኒክ ዞረ፣ ዶክተር እዝራን እስኪያገኝ።

«በእጇ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቼ ዕጢዎቹን የሚመግበውን የደም ሥር እዘጋዋለሁ» አለ ዶክተሩ። «ሆዷ አይከፈትም፤ ዕጢዎቹ በጊዜ ይሟሽሻሉ። ስለ መውለድ ግን ቃል አልገባም። የደም ሥሩን ለማየት የምረጨው ቀለምም ኩላሊቱን ሊጎዳው ይችላል፤ በጣም ትንሽ ነው የምጠቀመው።»

«ባይደረግላትስ?» አለ ሙኽታር።

«እንዲህ እየፈሰሳት ከቀጠለ ደም መውሰዷ አይቀርም። የሰው ደም በወሰደች ቁጥር ሰውነቷ ባዕድ ነገር መዋጋት ይለምዳል። ያኔ ያንተንም ኩላሊት ሊዋጋው ይችላል።»

ሙኽታር አጠገቡ ወደ ተቀመጠችው ሪሀና ዞረ። «የኔ አይደለም እኮ፤ የሷ ነው» አለ። «እሷ ትወስን።»

ቀጠሮው ለማክሰኞ ተያዘ። ያው ማክሰኞ አሁን የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ላይ ዋለ።

«ነገ ዱዓ አለ» አላት አጎቷ አብዱራሕማን ሰኞ ወደ ማታ። «ወንድምሽን ትተሽ ሐኪም ቤት ስትሄጂ ሰው ምን ይላል?»

«ልጄን ሁለተኛ አይገድሉብኝም» አለች ፈሂማ።

ሪሀና ልትነሳ ስትል ዓይኗ ጨለመ፤ ግድግዳውን ያዘች። ጎረቤታቸው ነርሷ አሰፋሽ ደግፋ አስቀመጠቻትና የዓይኗን ቆብ ገልጣ አየች። «ደም የላትም» አለች። «ቀጠሮው ከነገ ካለፈ ደም መስጠታቸው ነው።»

«እማ፣ ሙኽታር ራሱ ‹የሷ ነው› ብሏል» አለች ሪሀና። «እሄዳለሁ።»

ፈሂማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጠዋት ግን ጥቁር ሻሿን አስራ፣ አሰፋሽን ተከትላ መኪናው ውስጥ ገባች።

ክፍሉ ይበርዳል። ሪሀና እጇን ዘርግታ ተጋድማለች። ዶክተር እዝራ «አትንቀሳቀሺ፣ ሙቀት ይሰማሻል» አላት። ሙቀቱ ከደረቷ ወደ ታች ወረደ። ግራጫው ስክሪን ላይ ከሆዷ ቀኝ በኩል ቅርንጫፉ የበዛ ጥቁር ዛፍ በአንድ ትንፋሽ በቀለ። «ያ ኩላሊቱ ነው» አለ ዶክተሩ። ዛፉ ከጫፍ ጫፉ እየደበዘዘ ሲጠፋ ሪሀና ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቅሳ «ሙኽታር» አለች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አራት ሰዓት ከሃያ ይላል።

የሆነውን አሰፋሽ የነገረቻት ከሰዓት በኋላ ነው። «ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ እናትሽ ድንገት ተነሥታ ‹አቤት ልጄ› አለች። ማንም አልጠራትም። ስልኬን አየሁት፤ አራት ሰዓት ከሃያ ነበር።»

ሪሀና የክፍሉ የግድግዳ ሰዓት ትዝ አላት። ፈሂማን ስለዚህ የጠየቀቻት ሲመሽ፣ ሐኪም ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ነው።

«ጠራኝ» አለች ፈሂማ መስኮቱን እያየች። «አቤት አልኩት። ዝም አለ። ደግሜ አቤት አልኩት። ሙኽታር ጠርቶኝ ዝም ብሎ አያውቅም።»

በማግስቱ ጠዋት የኩላሊቱ ምርመራ ውጤት እንደ በፊቱ ሆኖ ወጣ። ደሙም ቀንሷል። ሪሀና በስልኳ መኪና ጠራችና እናትና ልጅ ከኋላ ተቀመጡ። ወጣቱ ሾፌር የፈሂማን ጥቁር ሻሽ በመስታወቱ አየት አድርጎ «ለቅሶ ላይ ነዎት እንዴ እማማ?» አለ።

ሪሀና እናቷ «የማንን?» እንዳትለው ፈርታ ፈጥና ልትመልስ አፏን ከፈተች።

«አዎ» አለች ፈሂማ። «ልጄ ሞቶብኝ ነው። ሙኽታር ይባላል።»

«ነፍስ ይማር።»

«አሜን። ቀስ ብለህ ንዳ እሺ።»

ከዚያ ወደ ሪሀና ዞራ የመኪናውን ቀበቶ አሰረችላት። ቀበቶው የሚያልፍበትን ቦታ አይታ ጣቶቿን ከስሩ አስገባችና ከልጇ ሆድ ላይ ከፍ አድርጋ ያዘችው። ዕንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ሲንጠባጠብ ሌላውን እጇን ለማበስ አላነሳችም። አያት ሰፈር፣ ቤታቸው እስኪደርሱ ቀበቶውን አልለቀቀችም።