ሰባት ቁጥር ለምን እኛ ሰፈር ይገባል

ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ንጃምባል የሚገባው በከንቲባው ጥረት ነው የሚሉ አሉ። ከንቲባው ራሱም ይላል። ይበል፤ አፉ የራሱ ነው። እኔ ግን በሕይወት እያለሁ ሐሰት ሲያድግ ቁጭ ብዬ አላይም። አውቶቡሱን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ያንዴ ንጎም። ሊያስቀረው ጥቂት የቀረውስ ማን ነው ካላችሁኝ፣ እሷም እኔው ነኝ።

ንጃምባል ከዳካር ወጣ ብላ ባሕሩ ጥግ የተቀመጠች ሰፈር ናት። ወንዱ ዓሣ ያወጣል፣ ሴቷ ዓሣውን በጭስ አድርቃ ቲያሮይ ገበያ ወስዳ ትሸጣለች። ከዋናው አስፋልት እስከ እኛ ድረስ ያለው አሸዋ ነው፤ የፈረስ ጋሪ የሚውጥ አሸዋ። ዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ሾፌሮቹ «እንሰምጣለን፣ አንገባም» ሲሉን፣ እኛ ሴቶቹ ከባሕር ዳር የዛጎል ቅርፊት በሳፋ እየተሸከምን መንገዱ ላይ ደፋን። አንድ በጋ ሙሉ። ወንዶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው እንዴት መድፋት እንዳለብን ይነግሩን ነበር። ሰባት ቁጥር የመጀመሪያ ቀን ሲገባ፣ ቅርፊቱ ከጎማው ሥር ሲንኮሻኮሽ የሰማሁትን ያህል ደስ የሚል ድምፅ በሠርጌ ቀን እንኳ አልሰማሁም። ይህን ስል ባሌ ሰምቶ ሦስት ቀን አኩርፎኛል፤ አላህ ይዘንለት።

ከዚያ ጀምሮ ሰባት ቁጥር የኛ ነበር። ማንበብ አልችልም፤ ግን ያቺን ቁጥር ከሩቅ አውቃታለሁ፤ ጎንበስ ብላ ውኃ የምትቀዳ ሴት ትመስላለች። ጎህ ሲቀድ ከኒሙ ዛፍ ሥር ይቆማል፤ ሳፋችንን ከኋላ እንደረድራለን፤ ትኬት ቆራጩ አውቶቡሱ ውስጥ በሽቦ ከታጠረችው መቀመጫው፣ ከሽቦ ቤቱ፣ ሆኖ «ሸታችሁኝ» ይላል፤ እኛም «አንተ ደግሞ ምን ሽቶ ተቀብተሃል» እንለዋለን፤ እንሄዳለን። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

አምና፣ አቧራው ነፋስ በሚነፍስበት ወር፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ አንድ ጺማም ሰውዬ ከኒሙ ሥር ቆሞ አገኘሁት። በእጁ ታብሌት ይዟል። አንዲት ሴት አውቶቡሱ ላይ በወጣች ቁጥር በጣቱ ይጠቁማትና ታብሌቱን ነካ ያደርጋል። ጣውንቴን ዲቦርን ጠቆመ። አብራን ዓሣ የምታጨሰውን ኪኔን ጠቆመ። እኔንም ጠቆመኝ።

ምን እያደረግህ ነው አልኩት። እየቆጠርኩ ነው እናቴ አለኝ፣ ሳያፍር። ዛሬ መሣሪያውን እየሞከረ እንደሆነ፣ ትክክለኛው ቆጠራ ከነገ ጀምሮ ሦስት ቀን እንደሚቆይም ጨመረልኝ። ለምን እንደሚቆጥር አልጠየቅሁትም። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው የተናደደ ጊዜ ጆሮው ይዘጋል።

እኛ ጋ ሰው አይቆጠርም። በግ ይቆጠራል፣ መረብ ይቆጠራል፣ ሰው ግን በጣት እየተጠቆመ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አይባልም። የተቆጠረ ይጎድላል። አማቴ ልጆቿን ለአንድ የመንግሥት ጸሐፊ ቆጥራ በነገረች በዓመቱ ሁለቱን ባሕር ወሰደባት። የተማሩት ይስቁ። እኛ የቀበርን እናውቃለን።

የዓሣ አጫሾቹ መሪ እኔ ነኝ። ያን ዕለት ማታ ሴቶቹን ጠርቼ አዘዝኩ፦ ሦስት ቀን ማንም ከኒሙ ሥር እንዳትቆም፤ በባሕሩ ዳር ዳር ተጉዘን ከጎረቤት ሰፈር እንሳፈራለን። አንዳቸውም እምቢ አላሉም። ወንዶቹ ባሕር ላይ ነበሩ፣ ተማሪዎቹ ለዕረፍት ተዘግቶላቸዋል። እናም ሦስት ቀን ሙሉ ሰባት ቁጥር ባዶውን ገብቶ ባዶውን ወጣ። ትኬት ቆራጩ ሽቦ ቤቱ ውስጥ እንቅልፉን ለጠጠ አሉ። ጺማሙ ሰውዬ ፍየሎቹን እያየ ዋለ።

እኛ ግን በእርጥብ አሸዋ ላይ ሳፋ በራሳችን ተሸክመን ስንጓዝ፣ ጣውንቴ ዲቦር ዳሌዋን ስለሚያማት ከኋላ እየተጎተተች ትረግመኝ ነበር። «ሰውዬው ቢቆጥረኝ ኖሮ ሞቼ አርፌ ነበር» አለች። «አንቺ ግን በቁሜ እየገደልሽኝ ነው።» ሁላችንም ሳቅን። ሦስተኛው ቀን ሲያልቅ መንግሥትን ያሸነፍኩ መስሎኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ገባሁ።

አምስት ወር አለፈ። ከዚያ ስብሰባ ተጠራ፤ በትምህርት ቤቱ ግቢ ድንኳን ተተከለ፣ የላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ቀይና ሰማያዊ መስመር የበዛበት ትልቅ ካርታ ተሰቀለ። የመጣው መሐንዲስ ቦካር ዋኔ ይባላል። አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ ሰላምታውን አሳምሮ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ጨበጠ። ትምህርት ቤት ገብቶ እናቱን ያልረሳ ዓይነት ነው።

ነገሩን ቀስ ብሎ አስረዳን። በከተማው በራሳቸው መንገድ የሚሮጡ ትልልቅ አዳዲስ አውቶቡሶች መጥተዋል። ስለዚህ የድሮዎቹ መስመሮች በሙሉ እንደ አዲስ ይሠራሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበው ይነሣል፣ ጠማማው ይቃናል፣ ረጅሙ ያጥራል፣ ሰው ከትንሹ ወርዶ በትልቁ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ገባኝ። ያረጀ መረብ ፈትቶ መሥራት ማለት ነው፤ እኛም እንሠራዋለን። ከዚያ ጣቱን ካርታው ላይ አድርጎ ሰባት ቁጥርን አሳየን። ቀዩ መስመር በዋናው አስፋልት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ወደ ንጃምባል አይታጠፍም።

ኪኔ ብድግ ብላ ለምን አለችው። እሱም ወረቀቱን አየና፣ በቆጠራው ሦስት ቀን ከንጃምባል የተሳፈረ አንድም ሰው የለም አለ። ዜሮ።

ድንኳኑ ውስጥ ጫጫታ ሆነ። ውሸታም አሉት፣ ሌባ አሉት፤ አንዷማ ካርታውን ልትቀድ ተነሥታ ነበር። እኔ ብቻ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ከአስፋልቱ እስከ ጭስ ቤቶቻችን ያለውን መንገድ እግሬ ያውቀዋል። ወጣቶቹ ሳፋ ተሸክመው ይወጡት ይሆናል። ዲቦር አትወጣውም። እንደ ዲቦር ያሉት፣ ከሴቶቹ ግማሽ የሚሆኑት፣ ሥራቸው እዚያው ላይ አበቃ ማለት ነው። ቀና ስል ዲቦር እያየችኝ ነው። አልተሳደበችም። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ግቢ ስንኖር፣ ሳትሰድበኝ ስታየኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

«ንገሪው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ሰው ፊት አጥፍቻለሁ ብዬ አላውቅም። ለባሌም አላልኩም፤ ሲሞት እንኳ ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ የሰውየው ስም ትዝ አለኝ። ዋኔ የሚባል ሁሉ በሰሜን ያለው የፉታ ሰው ነው፣ ከከብት አርቢው ከፑላር ጎሣ። እኔ ደግሞ ከሴሬር ጎሣ ነኝ። ሴሬርና ፑላር ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እንዲሰዳደቡ ተፈቅዶላቸዋል፤ አንዱ ሌላውን አሽከሬ ይላል፣ የተሰደበውም አይቀየምም። በቀጥታ የማይወጣ ነገር በዚያ በር ይወጣል።

ተነሣሁና፣ «አንተ ወተት ጠጪ፣ የፉታ ከብት ነጂ» አልኩት። «አሽከሬ ሆነህ ሳለ እመቤትህን ሳታስፈቅድ አውቶቡሷን ትወስዳለህ?»

እሱ መነጽሩን አወለቀ። እስከዚያ ድረስ ትልልቅ ሴቶችን ሁሉ «እርስዎ» እያለ፣ «እናቴ» እያለ ሲያናግር ነበር።

«ስምሽ ማነው አንቺ?» አለኝ።

«ንጎም።»

«አወቅሁ። ዓሣ እንጂ ሌላ የማታውቅ ገረዴ ነሻ። ቁጭ በይ፣ ጌታሽ እየሠራ ነው።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ እንባቸውን ጠረጉ። ሳቁ ሳያልቅ ሁሉንም ነገር አወጣሁት፦ ጺማሙን ሰውዬ፣ ጣቱን፣ ትእዛዜን፣ በባሕር ዳር የሄድንበትን ሦስት ቀን። ስጨርስ የሚስቅ አልነበረም። ቦካር ዋኔም አልሳቀም።

«እንግዲያ ገረዴ» አለኝ፣ «አውቶቡሱን ከዚህ ሰፈር ያስወጣው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

አልኩት። እንዲህ ተብሎ ነው የሚባለው፤ ከአፍ ሲወጣ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ግን አላስቀጠልኩትም። የኔ ጥፋት አንድ ነው፣ ያንተ ሁለት ነው አልኩት። ሰው በጣት የሚጠቁም ላክህ፤ ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ባዶ ሲሆንብህ ደግሞ ምን ሆኑ ብለህ አልጠየቅህም። ሁለት መቶ የጭስ ምድጃ የሚነድበት ሰፈር፣ ዜሮ ሰው? ዓሣው ራሱ በእግሩ ገበያ ይሄዳል?

ራሱን አከከ። ካርታው ዓርብ ይዘጋል፣ አለቆቼም ያለ ቁጥር አንዲት መስመር እንዳጥፍ አይፈቅዱልኝም አለ። «ቁጥር ስጪኝ» አለኝ፣ ቀልዱን ትቶ። «ማዘኔ አይጠቅምሽም። ቁጥር ብቻ ነው የሚሰሙት።»

«ሰው አልሰጥህም።»

«ታዲያ ምን ልቁጠር?»

«ሳፋ ቁጠር።»

ኀሙስ ጠዋት ሲመጣ ሳፋዎቹ ከኒሙ ዛፍ እስከ መስጊዱ ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረው ጠበቁት። ዓሣ የሞላባቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ የባለቤቱ ጨርቅ ለብሷል፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቅጠልያ። አጠገባቸው ማንም የለም። ሴቶቹ ባሕሩ ዳር ቆመዋል፣ ጀርባቸውን ሰጥተው። እኔ ብቻ ከእሱ ጋር ሄድኩ፤ የኔ ሳፋ ጋ ስንደርስ ፊቴን አዞርኩ።

መሐል ላይ የዲቦርን ጨርቅ ሁለት ቦታ አየሁት። አንደኛውን ገለጥ ባደርገው ከላይ ሦስት ዓሣ፣ ከሥር ቅጠል ነው። ቦካር ዋኔ አይቶታል፤ እንዳላየ ሆኖ ታብሌቱን ሊነካ ነው። ሳፋውን አንሥቼ ከመደዳው አወጣሁት። ዲቦር ከባሕር ዳር ሆና «ተዪው አንቺ ጅል፣ አንድ ቢጨመር ምን ይጎዳል» ብላ ጮኸች። ጀርባዋን ሰጥታ ነበር የተባለው። አውቶቡሱ ንጃምባል እንዲገባልን የምንፈልገው በሞላ ሳፋ ነው፤ በቅጠል አይደለም። እርጥብ ቅጠሉም ከባድ ነበር፣ ወገቤ እስከ ማታ አመመኝ፤ ደግሞ አደርገዋለሁ።

መቶ ሠላሳ ስምንት ሆነ። ያንን ነው የጻፈው።

አዲሱ መስመር ሥራ የጀመረው ከዝናቡ በኋላ ነው። ሁሉም ደህና ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። ሰባት ቁጥር እንደ ድሮው እስከ መሐል ከተማ አይሄድም፤ ከትልቁ ጣቢያ ላይ ያወርደናል። ልጄ ቤት ለመድረስ ሁለት ጊዜ እወርዳለሁ፣ ሁለት ጊዜ እረግማለሁ። አዲሱ ትልቅ አውቶቡስ ዓሣ አይጭንም፤ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ አፍንጫውን ይዞ ያየኛል፣ እኔም ጫማውን አያለሁ። ቲያሮይ ገበያ ግን ሰባት ቁጥር ያደርሰናል። ጎህ ሲቀድ ከአስፋልቱ ታጥፎ ይገባል፣ ዲቦርም መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ስለ ዳሌዋ ትነግረናለች።

ቦካር ዋኔ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ መጣ። ሩዝ በዓሣ አቀረብኩለት፤ ፑላር ሲበላ ማየት ያስፈራል። ወረቀቱን ሲያስረክብ አለቆቹ ጠርተውት እንደነበር ነገረኝ። ከሌላው ሰፈር ሁሉ አጠገብ የሰው ቁጥር ተጽፏል፤ ከንጃምባል አጠገብ «መቶ ሠላሳ ስምንት ሳፋ»። ምንድነው ይሄ፣ ስንት ሰው ማለት ነው ብለው አፋጠጡት።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«ሰዎቹን አልቆጠርኩም፤ ከፈለጋችሁ ሄዳችሁ ያንዴ ንጎምን ጠይቁ አልኳቸው።»

ማንም አልመጣም። ፈርተው ይሆናል፤ ጥሩ አደረጉ። መስመሩን እንዳለ አጸደቁት። ወረቀቱ ከተማው ውስጥ መሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል አሉ፣ ሳፋውም እንደተጻፈ አለ። እኔ ማንበብ አልችልም። እናንተ የምትችሉት ሂዱና አንብቡት፤ ከዚያ ከንቲባውን ስታገኙት ስንት ሳፋ እንደተሸከመ ጠይቁልኝ።