የሼህ ረጀብ ቤት አረማመድ

ጓደኛዬ ሙዳሲር ነዕማን ለማግባት የቀረው የአባቷ እሺታ ብቻ ነበር። አባቷ ዓብዱልላጢፍ ጸባዩንም ሥራውንም ወደውለታል። አልዋጥ ያላቸው አረማመዱ ነው።

"የዚያ ቤት ሰው ሁሉ በግራ እግሩ ያነክሳል" አሉን ለሽምግልና የሄድነውን። "አባትየው ያነክሳል፣ ልጆቹ ያነክሳሉ። ነገሩ ከደም ነው። የልጅ ልጆቼ አሶሳ ገበያ መሀል ተሰልፈው ሲያነክሱ ማየት አልፈልግም።"

እውነት ለመናገር ስጋታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። የሙዳሲር አባት ሼህ ረጀብ በወጣትነታቸው ከማንጎ ዛፍ ወድቀው ግራ እግራቸው ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ከገጠመ ቆይቷል፤ አካሄዳቸው ግን እንደዚያው ቀረ። ልጆቻቸው እግራቸው ጤነኛ ነው፤ ግን መራመድ የተማሩት አባታቸውን እየተከተሉ ነው።

በባዮሎጂ ስለተመረቅሁ ማስረዳቱ ለእኔ ተተወ።

"ስብራት በዘር አይተላለፍም፣ ማነከሱ ከልምድ የመጣ ነው" አልኩና ያመጣንን ባለባጃጅ ዱሬሳን ከውጭ ጠራሁት። ዱሬሳ የባምባሲ ልጅ ነው፤ ሼህ ረጀብ ግቢ ተከራይቶ ከመኖር በቀር ዝምድና የለውም። በግራ እግሩ እያነከሰ ገባ።

ዓብዱልላጢፍ ከላይ እስከ ታች አዩት። "ምን ገጨህ?"

"ኧረ ምንም፣ አባባ።"

"ታዲያ ለምን ታነክሳለህ?"

ዱሬሳ ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። "አነክሳለሁ እንዴ?"

ማስረጃዬ ሠርቷል ብዬ ፈገግ አልኩ። ዓብዱልላጢፍ ግን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ወላሂ፣ ከደም ቢሆን ይሻል ነበር። ይኼማ የሚጋባ ነው።"

ብዙ ከተለመኑ በኋላ አንድ ነገር ፈቀዱ። አርብ ከሶላት በኋላ ሼህ ረጀብ ቤት ይመጣሉ፤ ሙዳሲር ከአጥሩ በር እስከ ማንጎው ሥር ሳያነክስ ከሄደ ነዕማን ይሰጡታል።

ሙዳሲር ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመድ ከረመ። አርብ ዕለት ግራ እግሩን ቀጥ አድርጎ መራመድ ጀመረ፤ በእርግጥም በግራው አላነከሰም። በቀኙ አነከሰ።

"ጨመረበት" አሉ ዓብዱልላጢፍ።

ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ሼህ ረጀብ ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ እንግዳቸውን ማንጎዎቹን ላሳይህ ብለው ይዘዋቸው ሄዱ። እንግዳ ደግሞ ባለቤቱን ጥሎ አይቀድምም፤ ዓብዱልላጢፍም እርምጃቸውን ከሼሁ እርምጃ ጋር አስተካክለው ጎን ለጎን ሄዱ። ስለ ማንጎ በሽታ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድሮው ገበያ ሲያወሩ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች።

ማታ ዱሬሳና እኔ ዓብዱልላጢፍን በባጃጁ ቤታቸው አደረስናቸው። ወርደው ወደ በሩ ሲሄዱ ነዕማ ከፍታ ትጠብቃቸው ነበር።

"አባ፣ እግርህን ምን ነካህ?"

ቆሙ። ግራ እግራቸውን አዩ። ቀስ ብለው አንድ እርምጃ ሞከሩ፣ ሌላም ጨመሩ። ያው ነው። ወደ ባጃጁ ተመልሰው እንደ አዲስ ጀመሩ፤ አሁንም አነከሱ። ዱሬሳ ሳቁን ለመደበቅ መሪው ላይ ተደፋ። ነዕማ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

"እንግዲህ እኔም ተጋብቶብኛል" አሉ ዓብዱልላጢፍ በመጨረሻ፣ አጥሩን ደገፍ ብለው። "ሼህ ረጀብን ቀኑን ይቁረጡ በሏቸው። ግን ሠርጉ ላይ እንግዳ የምቀበለው ቁጭ ብዬ ነው።"