አረንጓዴዋ ነጥብ

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ አቶ ልሳነወርቅ ራቱን እንደ ነገሩ ቀማምሶ ሶፋው ላይ ጋደም ቢል፣ ሐሳብ ወዲያና ወዲህ ያላጋው ጀመር። እንዴት አያላጋው! ልጁ ናርዶስ ባለፈው ሰሞን ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሰርቪስ መኪናዋ ውስጥ ሳትገባ ቀርታ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ሲያስስ ውሎ፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ኩርምት ብላ ነው የተገኘችው። ከዚያ ወዲህ የሰውየው ቀልብ አልተመለሰም። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነውና፣ ልጆች የት እንዳሉ በስልክ የሚያሳይ አምባር የሚያቀርበውን ድርጅት አፈላልጎ ያመጣው ራሱ ነው። ነገ ጠዋት ወላጆች ይሰበሰባሉ፤ እሱ «ይሁን» ካለ ይሆናል፣ «ይቅር» ካለም ይቀራል። ታዲያ ዛሬ የድርጅቱ ሰው ሲያስረዳ ያ የማያልቅ ፈገግታው ጎረበጠው። ልሳነወርቅ ሰው ያለ ምክንያት ሲስቅለት ኪሱን የሚዳብስ ዓይነት ነው። ይህንኑ ሲያወጣና ሲያወርድ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው።

ወዲያው ካኪ ካፖርት የለበሰ፣ ጫማው አቧራ የሚባል ነገር ነክቶት የማያውቅ ረጅም ሰው ከፊቱ ቆሞ ታየው።

«ይነሡ ጌታዬ፤ የተመኙትን አገር ላሳይዎት ነው የመጣሁት። ስሜ ጠባቂ ይባላል።»

«ማን ላከዎት?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!» አለ ሰውየው፣ ገርሞት።

እነሆም ከአንድ ተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ከግርጌው ሰፊ ከተማ ተዘርግታ አየ። መንገዶቿ ታጥበው የተወለወሉ፣ ዛፎቿ በወግ በወግ የተተከሉ፣ ትምህርት ቤቶቿ አጥር የማያውቁ፣ በሮቿም ዘበኛ የማይቆምባቸው ነበሩ። ልጆቹ ከእጃቸው አንጓ ላይ ትንሽ ብርሃን እየበራ ሰልፍ ይዘው ሲያልፉ፣ እናቶች ከመስኮት አንገታቸውን አያወጡም፣ አባቶችም በር ላይ አይንቆራጠጡም፤ ሁሉም በየእጁ በያዘው መስታወት ላይ አረንጓዴ ነጥብ እያየ «ተመስገን» ይላል። መቼም ያማረ ነገር ነው! ልሳነወርቅም በመጀመሪያ ልቡ ሙልት አለች። ቆይቶ ግን የልጆቹ ዝምታ አላማረውም። ያን ሁሉ መንገድ ሲሄዱ አንድም የሚሯሯጥ፣ አንድም የሚሰዳደብ ልጅ አልነበረም።

«እዚህ አገር ልጅ ይጠፋል?» ሲል ጠየቀ።

«ጌታዬ፣ መጥፋት የሚለው ቃል ራሱ ከተረሳ ቆየ።»

«መልካም። ይህን ነጥብ የሚያዩት እናትና አባት ብቻ ናቸው?»

ጠባቂ የካፖርቱን ኮሌታ አስተካከለ። «ለልጆቹ የሚያስቡ ሁሉ ያዩታል።»

«ለልጆቹ የሚያስበው ማን እንደሆነስ ማን ይወስናል?»

«እርስዎ ደግሞ ነገር ያበዛሉ! ይልቅ አደባባዩን ይመልከቱ።»

«በለው! መልሱን ዋጠው» አለ ልሳነወርቅ በልቡ።

አደባባዩ ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ፊቷን በጉልበቷ ደፍታ ትንሰቀሰቃለች። ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት አጠገቧ ስትደርስ ቆመች፤ ይህችስ አባበለቻት ሲል፣ መስታወቷን አውጥታ አየችና «አረንጓዴ ናት፣ ደኅና ናት» ብላ መንገዷን ቀጠለች። አንድ ሽማግሌም እንዲሁ አይተው እንዲሁ አለፉ። ልሳነወርቅ ደሙ ፈላ። ወይ ጉድ! በእሱ ሰፈር እንኳንስ የሚያለቅስ ልጅ፣ በትምህርት ሰዓት ሱቅ ደጃፍ የተገተረ ልጅ «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?» ሳይባል አይታለፍም።

በዚህ መካከል ቢጫ ሰርቪስ መጥቶ ቆመ። በሩ ተከፈተና አንድ ክንድ ወጥቶ የልጅቷን እጅ ያዘ። ልጅቷ ወደ ኋላ ተጎተተች፣ ቀና አለች። ናርዶስ ናት!

«ልቀቃት!» ብሎ ጮኸ አባት።

«ምን ያስጮኽዎታል?» አለ ጠባቂ ፈገግ ብሎ። «የት እንዳለች ያውቃሉ፤ የት እንደምትሄድም ያውቃሉ።»

«ለምን ታለቅሳለች? እሱን ይንገሩኝ!»

«የት እንዳለች ነው የጠየቁን፤ ለምን እንደምታለቅስ መቼ ጠየቁን?»

ልሳነወርቅ ሊሮጥ ሲል እጁ ከበደው። ቢያይ፣ እሱም መስታወት ይዟል፤ ልጁ ስትጎተት ዓይኑ ነጥቧ ላይ ነበር። እንዴት ያለ ኀፍረት ነው! መስታወቱን ሊወረውር እጁን ሲያነሣ ባንኖ ነቃ።

ነግቷል። ናርዶስ ዩኒፎርሟን ለብሳ የጫማዋን ማሰሪያ ትታገላለች። ልሳነወርቅ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተከሰተለት፦ ልጁ ስትጠፋ ፖሊስን ጠይቋል፣ መምህሯን ጠይቋል፣ ዘበኛውን ጠይቋል፤ እሷን ግን «ሁለተኛ እንዳይለምድሽ!» ከማለት በቀር ምንም አልጠየቃትም። ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ማሰሪያዋን ያዘላት።

«ናርዲዬ፣ ያን ቀን ሰርቪሱ ውስጥ ለምን አልገባሽም?»

«አትቆጣኝም?»

«ሙች አልቆጣሽም።»

«ረዳቱ ስናወራ ጣታችሁን በሩ ላይ አድርጉ ይለናል። እዘጋዋለሁ እያለ ያስፈራራናል። አብሮን የሚሄደውን አቤኔዘርን እውነት ጣቱ ላይ ዘጋበት። ለሰው እንዳትናገሩም አለን።»

አባት የጀመረውን ማሰሪያ ቋጥሮ ጨረሰ። ልጅቷም ስትፈራ ስትቸር ጠየቀችው።

«አባዬ፣ አምባሩ ሲመጣ ግን መደበቅ አልችልም አይደል?»

ልሳነወርቅ እንባውን በእጅጌው ጠረገና ብድግ አለ። ያየውን ራእይ አንድ ሳያስቀር ለወላጆቹ ሊናገር፣ ከሁሉ አስቀድሞ ግን ናርዶስ ያለችውን ሊነግራቸውና እያንዳንዱም ቤቱ ገብቶ ልጁን እንዲጠይቅ ሊለምን ቆረጠ።

«ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ» አላት። «ዛሬ በእግራችን ነው የምንሄደው።»